የሚያነክስ ሞተር

ሰው ሲያረጅ ንዴቱ ይበርድለታል ይላሉ። እኔ አርጅቻለሁ፤ ንዴቴ ግን እንዳለ ነው። ዛሬም ጭነት የከበደው መኪና ዳገት ላይ ካን፣ ካን፣ ካን እያለ ሲያልፍ ከሰማሁ ያቺ የጥር ሳምንት ትመጣብኛለች፤ የያዝኩትን አስቀምጬ እስኪያልፍ እቆማለሁ። ይህን ታሪክ ለልጆቼ ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። እስከ መጨረሻው ግን አንድም ቀን አልነገርኳቸውም፤ መጨረሻው እኔን አያስመሰግነኝምና። ለእናንተ ግን ሳልቀንስ እጽፈዋለሁ።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ነው። ዕድሜዬ ሃያ ሰባት ነበር፤ ከባለቤቴ ከጥሩነሽ ጋር ቆሰበር እንኖር ነበር። ሥራዬ ሹፌርነት ነው። የምነዳው በቤንዚን የሚሄድ አሮጌ የጭነት መኪና ሲሆን፣ ጌታው ባላምባራስ ጓንጉል የሚባል ነጋዴ ነበር። ባላምባራስ እያልኩ የምጽፈው እናንተ እንድታውቁት ነው እንጂ አክብሬው አይደለም፤ አንቱ የማልለውም ለዚህ ነው። ፊቱ ስቆም ግን «እርስዎ» እል ነበር፤ ያውም አንገቴን ሰብሬ።

በዚያ ዘመን ሹፌር ያለ ዋስ አይቀጠርም። የኔ ዋስ የጥሩነሽ አባት አያ ፈንቴ ነበሩ። ጥርባ አካባቢ ገብስ የሚያርሱ፣ አማርኛውን ቀስ ብለው አገውኛውን ፈጠን አድርገው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሀብታቸው ዳማ የሚሉት ፈረሳቸው ነው። በየዓመቱ ጥር ሃያ ሦስት፣ ለጊዮርጊስ ፈረሰኛው ሲወጣ፣ አያ ፈንቴ ዳማ ላይ ሲቀመጡ ሌላ ሰው ይሆኑ ነበር። ባላምባራስ የዋስትናውን ወረቀት ሲያጽፍ «ሞተሩ በሹፌሩ ጥፋት ቢሞት ፈረሱን እወስዳለሁ» የሚል ቃል አስገባ። አያ ፈንቴ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። «ልጄን የሰጠሁትን ሰው በፈረሴ ልጠርጥረው?» ብለው ሳቁ።

ባላምባራስ ያን ፈረስ ሲመኝ ዓመታት አልፈውት ነበር። የጌታ ልጅ ስለሆነ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ፈረስ አጥቶ አያውቅም፤ የሚቀልበውና የሚያክመው ግን ሎሌ ነው። የቆሰበር ሰው «ባላምባራስ ፈረስ የሚያውቀው ከኮርቻው ወደ ላይ ነው» እያለ ያማው ነበር፤ እሱ በሌለበት ነው ታዲያ።

የመኪናው ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ከኔ በፊት የነበረው ሹፌር ያለ ውሃ ነድቶ አግሎት ኖሮ የሞተሩ ክዳን፣ እኛ ቴስታታ የምንለው፣ ተጣሞ ነበር። ደብረ ማርቆስ የሚሠራ ሐጎስ የሚባል መካኒክ ልጎ አቃናው፤ ዳግመኛ ተጣመመና ዳግመኛ ላገው። መኪናውን ከሱ እጅ የተረከብኩት እኔ ነኝ። ሐጎስ በዕድሜ ብዙም አይበልጠኝም፤ ሲናገር ግን እንደ የኔታ ነው።

«ስማኝ ይስማው» አለኝ። «ይህ ቴስታታ ሁለት ጊዜ ተልጓል። ስለዚህ ክዳኑ ወደ ፒስቶኑ ቀርቧል፤ ሞተሩ ቤንዚኑን ከድሮው አብልጦ ጨምቆ ነው የሚያቃጥለው። ተራውን ቤንዚን ካጠጣኸው ጭመቃውን አይችልም፣ ሰዓቱ ሳይደርስ ይፈነዳበታል። ፒስቶኑ ሽቅብ ሲወጣ ከላይ በመዶሻ እንደመቀበል ነው።»

«አሮጌ መኪና ተራው ይበቃዋል ሲሉ ሰምቼ ነበር» አልኩት።

«ዕድሜውን ተወው። ቤንዚን የሚመረጠው በጭመቃው ልክ ነው። በርሜሉ ላይ ኦክታን የሚሉት ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ ከፍ ያለው ቶሎ አይፈነዳም። ለዚህኛው ከፍተኛው፣ ሱፐር የሚሉት ነው። ዳገት ላይ ካን ካን ሲል ከሰማህ ቁም፤ ሞተሩ እየተመታ ነው።»

ይህን ሁሉ ለባላምባራስ ነገርኩት። እንግዶች ተቀምጠው ነበር። ሳቀብኝ።

«ይስማው፣ አንተ ፈረስ አታውቅም» አለ። «አሮጌ ፈረስ ገብስ ካበዛህበት እግሩን ይይዘዋል። ቀለል ያለ ድርቆሽ ነው የሚሰጠው። ይሄም ሽማግሌ ነው፤ ኃይለኛውን ቤንዚን ካጠጣኸው ይቃጠላል። ዳንግላ ሁለቱም በርሜል ጎን ለጎን ቆሟል፤ ከተራው ቅዳ።»

እንግዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። በኛ አገር ስለ ፈረስ የተነገረ ነገር ሁሉ እውነት ይመስላል፤ ስለ ፈረስ ደግሞ እውነቱን ነበር። መኪናው ፈረስ አለመሆኑን የሚናገር ሰው ነው የጠፋው። እኔም «እሺ ጌታዬ» ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ሞተሩ ዳገት ባየ ቁጥር ማንኳኳት ጀመረ። ባላምባራስ አጠገቤ ተቀምጦ ሲሰማ ፊቱ በራ። «ኮቴውን ስማው» አለኝ። «ሲጋልብ እኮ ነው።» ጠጅ ቤት ገብቶ መኪናዬ እንደ ፈረስ ይጋልባል ብሎ አወራ። ሰዎች ድምፁን ሊሰሙ መንገድ ዳር እየወጡ ያጨበጭቡ ነበር። እኔ መሪውን ይዤ በእያንዳንዷ ካን ጥርሴን እነክስ ነበር። ግን ነዳሁ። ከመስቀል ማግስት እስከ ጥር፣ አራት ወር ሙሉ ነዳሁ።

ጊዮርጊስ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ከዳንግላ ጨውና ቆርቆሮ ጭነን ወደ ቆሰበር ስንመለስ ባላምባራስ አብሮኝ ነበር። አዲስ ቅዳምን አልፈን ከዳገቱ ሥር ስንደርስ ማንኳኳቱ ከወትሮው ባሰ። ማርሽ ልቀንስ እጄን ስዘረጋ እጄን ያዘኝ።

«አትቀንስበት። ልጓሙን ልቀቅለት።»

«ጌታዬ፣ ሞተሩ እየተመታ ነው። እንቁምና ይብረድ።»

«ልቀቅለት አልኩህ።»

ለቀቅኩለት። ጥቂት እንደሄድን አንድ ትልቅ ድምፅ ጮኸ፣ ከፊታችን እንፋሎት ተነሳ፣ መኪናው ተንዘፍዝፎ ቆመ። ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ዘልዬ ወርጄ ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረግሁ። ቀና ስል ባላምባራስ መንገደኞቹን ሰብስቦ እኔን በዱላው እያሳየ ነበር።

«ሞተሬን ገደለው» ይላል። «እዩልኝ፤ ዓይኔ እያየ ገደለው። መንዳት አያውቅም።»

እንዲህ ያለ ውሸት ፊት ለፊቴ ሲነገር ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። እሱ በሚያልፍ መኪና ተሳፍሮ ሄደ፤ እኔ ጭነቱን እየጠበቅሁ ቀረሁ። በማግስቱ ጥሩነሽ በእግሯ ዳገቱን ወርዳ መጣች። ስንቅ ይዛ ነበር፤ ስንቁን ሳትሰጠኝ ተናገረች።

«ዳማን ወሰዱት» አለች። «አባቴ አውድማ ላይ ገብስ ሲያበራዩ የባላምባራስ ሰዎች መጥተው ከመስኩ ፈትተው ወሰዱት።»

«አያ ምን አሉ?»

«ሥራቸውን ጨረሱና ልጓሙን ይዘው ደጃፍ ተቀመጡ።»

ጭነቱን ለሷ አደራ ብዬ ቆሰበር ድረስ ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ዳማ የባላምባራስ ግቢ ውስጥ ታስሯል፤ ለጊዮርጊስ የተዘጋጀ ጌጠኛ ኮርቻ ከላዩ ተጭኖበታል። ያኔ ገባኝ። ሰውዬው ሞተሩ ሞተብኝ ብሎ አላዘነም። በዓሉ ሳይደርስ ፈረሱ እጁ በመግባቱ ደስ ብሎታል። ሰው ገድዬ የማውቅ አይደለሁም፤ ያን ሰዓት ግን መግደል ማለት ምን እንደሆነ ደረቴ ውስጥ አገኘሁት።

«ሽማግሌ ሳይዳኝ ዋስትና እንዴት ይወሰዳል?» አልኩት።

«ሽማግሌ ከፈለግህ ሰብስብ» አለኝ እያዛጋ። «ጣታቸውን ያተሙት አማትህ ናቸው።»

ሐጎስን በመኪና በሚያልፍ ሰው አስጠራሁት፤ በሦስተኛው ቀን ዕቃውን ይዞ ደረሰ። መኪናው ከቆመበት ሳይነሳ ሞተሩን ከፈተው። አንዱ ፒስቶን ጠርዙ አይጥ የበላው ይመስል ተቦርቡሯል። በእጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ተራውን ነው ያጠጣኸው?»

«ባላምባራስ ናቸው ያዘዙት።»

«መሪውን የሚይዘው ባላምባራስ ነው?» አለና ወደ ሥራው ዞረ። በሌላ ፒስቶን ተክቶ ሲጨርስ አንድ ጀሪካን አወረደልኝ። «ይህ ሱፐር ነው። ዳኝነት ፊት መቆም አልችልም፣ ሥራ ጥዬ ነው የመጣሁት። ሽማግሌዎቹ በጆሯቸው ይስሙ። መጀመሪያ በተራው ንዳው፣ ቀጥሎ በሱፐር። ግን ልብ አድርግ፤ በተራው አንዴ ይወጣልህ ይሆናል፣ ለሁለተኛ አልምልልህም። በመጀመሪያው ከተበላሸ የምታሳያቸው ነገር የለህም።»

ለጊዮርጊስ ሁለት ቀን ሲቀር ሽማግሌዎቹ ከዳገቱ ሥር፣ መንገድ ዳር ካለው የኮሶ ዛፍ ጥላ ተቀመጡ። ሦስት ናቸው፤ ሰብሳቢያቸው መሪጌታ ዓለሙ የሚባሉ ዓይናቸው የደከመ አዛውንት ነበሩ። ባላምባራስ ዳማን ጋልቦ መጣ። ፊታችን ወዲያና ወዲህ አመላለሰው። አያ ፈንቴ ልጓም በትከሻቸው አንግተው ጥሩነሽን አስከትለው በእግራቸው መጡ፤ ፈረሱን ቀና ብለው አላዩትም። ዳማ ግን አያቸውና ጆሮውን አቆመ።

ባላምባራስ ክሱን ተናገረ፤ እኔም መልሴን። ሁለት ዓይነት ቤንዚን መኖሩን ስናገር አንደኛው ሽማግሌ «ቤንዚን ቤንዚን ነው እንጂ ጠላና ጠጅ ነው እንዴ?» አሉና ሁሉም ሳቀ። መሪጌታ አልሳቁም።

«ልጁ በጆሯችሁ ስሙ ብሏል» አሉ። «ዓይኔ ቢደክም ጆሮዬ አልደከመም። እንሰማለን።»

ሁለቱን ሽማግሌዎች ጨው ጆንያው ላይ አስቀመጥናቸው። መኪና ላይ ወጥተው አያውቁም ነበርና አንደኛው ቆርቆሮውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ዳዊት ጀመሩ። መሪጌታና አያ ፈንቴ ከኔ ጎን ተቀመጡ። ባላምባራስ በፈረሱ ጎን ለጎን እንደሚወጣ ተናገረ። «የሁለቱን ኮቴ አንድ ላይ ስሙልኝ» አለ።

መንገዱ ላይ በዚያ ሰሞን አዲስ ጠጠር ፈሶበት ነበር፤ እንደ ምላጭ የተሰነጠቀ ጥቁር ድንጋይ። ዳማ መስክ እንጂ ጠጠር አያውቅም። አያ ፈንቴ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው መጀመሪያ ጠጠሩን፣ ቀጥሎ የዳማን ሰኮና አዩ።

በተራው ቤንዚን ተነሳን። ዳገቱ እንደጀመረ፣ ካን፣ ካን፣ ካን። ውጭ ባላምባራስ «ስሙት» እያለ ይጮሃል። መሃል ላይ ስንደርስ ድምፁ በእግሬ በኩል ወደ አጥንቴ ይገባ ጀመር። እዚህ ከሞተ ዳማ ሄደ፣ የአያ ፈንቴ ስም ሄደ፣ እኔም የሞተር ገዳይ ሆኜ ቀረሁ። ጸሎት አላውቅም፤ «በቃህ፣ በቃህ፣ ድረስ» እያልኩ መሪውን አሻሸሁት። አናቱ ላይ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋሁ።

ወደ ታች ተመልሰን፣ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀን፣ ሽማግሌዎቹ እያዩ የነበረውን ቤንዚን አንጠፍጥፌ ሱፐሩን ቀዳሁ። ያው መኪና፣ ያው ጨው፣ ያው ዳገት። ተነሳን። የመጀመሪያውን ጠምዛዛ አለፍን፤ ካን የለም። ሁለተኛውን አለፍን፤ የለም። ሞተሩ ወፈር ባለ ድምፅ እያጉረመረመ ብቻ ይወጣል። ባላምባራስ ከኋላ ቀረ። ከላይ ጨው ላይ ያሉት ሽማግሌ ዳዊታቸውን አቋረጡ።

አናቱ ላይ ወርደን ቆምን። መሪጌታ ወደ አማቴ ዞሩ።

«ፈንቴ፣ ፈረስ የምታውቀው አንተ ነህ። ምን ሰማህ?»

አያ ፈንቴ ቃላቸውን ፈልገው ጊዜ ወሰዱ። «የፊተኛው ኮቴ አይደለም» አሉ። «የሚጋልብ ፈረስ እግሩን ያለዋውጣል። ያኛው አንድ ቦታ እየተመታ ነው የሚጮኸው። እንደሚያነክስ ፈረስ ነው። የኋለኛው ደኅና ነው፤ ይተነፍሳል።»

መሪጌታ ሌሎቹን ጠየቁ፤ እነሱም ያንኑ አሉ። «እንግዲያው ሞተሩን ያሳመመው ቤንዚኑ ነው» አሉ መሪጌታ። «ቤንዚኑን የመረጠው ባለ መኪናው ነው። ፈረሱ ወደ ጌታው ይመለስ።»

የአያ ፈንቴን ጉልበት ልስም ጎንበስ ስል በእጃቸው አስቆሙኝ። ወደ መንገዱ እያደመጡ ነበር። ከጠምዛዛው በታች የኮቴ ድምፅ ይመጣል፤ ፈረሱ ገና አይታይም።

«የፊት ግራው ነው» አሉ።

አልገባኝም ነበር። ባላምባራስ ብቅ አለ። አለንጋው እጁ ላይ ነው፤ ዳማ አረፋ ደፍቋል፤ በየእርምጃው አንገቱን ዝቅ ያደርጋል። በጠጠሩ ላይ ሁለት ጊዜ ዳገቱን አስጋልቦት ነው። ወርዶ ፊቱን እየጠረገ «ሰማችሁት አይደል ሲጋልብ?» አለ።

ከዚያ ወዲያ ያደረግሁትን በደንብ አላስታውስም። እጄ ላይ ሞተር የምናስነሳበት ብረት፣ ማኖቬላው፣ ነበረ። ባላምባራስ ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ መሪጌታ «በሥላሴ» ሲሉ፣ በእግሯ ተከትላን የደረሰችው ጥሩነሽ ስትጮህ ትዝ ይለኛል። ያስቆመኝ የአያ ፈንቴ ድምፅ ነው። ጮክ አላሉም። የዳማን እግር አንስተው ሰኮናው ውስጥ የገባውን ስንጣሪ ድንጋይ በጣታቸው እየፈለቀቁ ነበር፤ ደሙ በጣታቸው መካከል ይወርዳል።

«አስቀምጠው» አሉኝ።

«አያ፣ አላዩም ያደረገውን? እያነከሰ ጋለበው እኮ።»

«አየሁ። እሱ አልሰማም። ጆሮ የለውም፤ ጆሮ የሆኑለት ሎሌዎቹ ናቸው።» ድንጋዩን አውጥተው ጣሉት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ ግን ትሰማ ነበር። የብረቱ ሰው ሐጎስ ነገረህ፣ ሰማህ። እያነከሰ አራት ወር ጋለብከው። የኔ ጣት የታተመው ባንተ ጆሮ አምኜ ነበር እንጂ በሱ ጆሮ አይደለም።»

ማኖቬላው ከእጄ ወደቀ።

የመኪናውን ቁልፍ ጨው ጆንያው ላይ አስቀምጬ ሄድኩ። ዳማ ዳነ፤ እርሻና ገበያ ያደርስ ነበር፤ ለጊዮርጊስ ግን ዳግመኛ አልጋለበም። ባላምባራስ ካስ ተብሎ ካሰ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቀም። በዓመቱ ያው ሞተር በተራው ቤንዚን ጨርሶ ሲሞት አዲሱን ሹፌር ከሰሰ። ይህን ስሰማ ዳግመኛ ተናደድኩ፤ ግን ግማሹ ንዴት ወደ ራሴ ነበር።

እኔ ደብረ ማርቆስ ወርጄ ከሐጎስ ሥር መካኒክነት ተማርኩ። ስንት ሹፌር መጥቶልኛል፣ «አሮጌ ስለሆነ ርካሹ ይበቃዋል» የሚል፣ «ጌታዬ ያዘዙኝን ነው» የሚል። የመጀመሪያውን አስተምረዋለሁ። በሁለተኛው ላይ እጮሃለሁ፤ ኃይለኛ ነው ይሉኛል። አዎ ነኝ። እናንተ መሪ የያዛችሁ ሰዎች፣ መኪና ይሁን ቤት ይሁን ቢሮ፣ ከላይ ያለው ካልሰማ የእሱ ነገር ነው። የሰማ ሰው ግን «ታዝዤ ነው» የሚለው ነገር አያድነውም፤ እኔን አላዳነኝም።

ለልጆቼ ያልነገርኳቸው የቀረው ይህ ነው። በጊዮርጊስ ዕለት አያ ፈንቴ ነጭ ለብሰው፣ ባዶ ልጓም በትከሻቸው አንግተው፣ ከፈረሰኞቹ ኋላ በእግራቸው ሄዱ። እኔ ከጎናቸው ነበርኩ። መንገዱ ረዘመባቸውና «ልጓሙን ልያዝልዎት» አልኳቸው። ቆም ብለው እጄን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ፣ ልጓሙን ወደ ሌላኛው ትከሻቸው አዛወሩት።